ክቡ ፉርጎ

ወንድሜ መልከጸዴቅ የባቡር ፍቅር የያዘው ሰው ነው። ሌላው ወንድ ቅዳሜ ሲሆን ኳስ ያያል፣ ካልሆነም ይተኛል፤ እሱ የድሮ ባቡር ይወለውላል። ከሲያትል መሀል ወደ ደቡብ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ፣ የድሮ ባቡር ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ግቢ አለ። እዚያ ያለ ደመወዝ ስንት ዓመት ለፋ። እኔና እማዬ የምንኖርበት ሾርላይን ሊጠይቀን ሲመጣ እጁ የብረት መወልወያ ይሸታል፤ ወሬውም ያው ባቡር ነው።

ከወሬው ብዛት እኔም ሳልወድ ተማርኩ። የዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ አሜሪካ ሥራ ጠፍቶባት፣ ሰው ሁሉ ኪሱ ሲነጥፍ፣ ባቡሮቹ ተሳፋሪ አጡ። ያኔ ነው ጭስ የሚተፋውን ጥቁር ባቡር ትተው ነፋስ የማይዘው፣ ዝገት የማይነካው፣ ብርማ ባቡር የሠሩት። ሰው ሊሳፈር ብቻ ሳይሆን ሲያልፍ ሊያየው ሃዲድ ዳር ይሰለፍ ነበር አሉ። በኋላ ጣሪያው ላይ የመስታወት ጉልላት ጨመሩበት። ከዚያ አውሮፕላኑና ሰፋፊው አውራ ጎዳና መጡና ተሳፋሪውን ወሰዱበት፤ ብዙው ባቡር ተቆራርጦ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ። «አሜሪካ ባቡሯን ገድላ አሁን ተዝካር ታወጣለታለች» እለዋለሁ። አይስቅም።

ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የመጨረሻውን ፉርጎ ነበር። ጭራው እንደ እንቁላል ጫፍ ክብ ነው፣ ዙሪያውን መስታወት። «እማዬ፣ ያኔ ትልልቅ ሰዎች እዚህ ቁጭ ብለው ያለፉትን አገር ወደኋላ እያዩ ይሄዱ ነበር» ይላታል። እማዬ አፏን ከፍታ ትሰማዋለች። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ የባቡር ፉጨት እየቀሰቀሳት ያደገች ሴት ናት። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላት ብሎ ነበር፤ የባቡሩ መስኮት አይከፈትም መባሉ። «መስኮቱ የማይከፈት ባቡር ምን ባቡር ነው? መንገደኛውን በምን ይስሙታል?» ትላለች። እኔ ግን በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የዋልኩትን ላውራላት ስል ታንቀላፋለች።

ይህን የምለው ቀንቼ አይደለም። እሺ፣ ቀንቼ ነው።

ታዲያ ባቡሩ ታድሶ አለቀና የመጀመሪያ ጉዞው ታወጀ። ቅዳሜ ጠዋት ከሲያትል ተነስቶ፣ ታኮማ ላይ ቆሞ፣ ፖርትላንድ ገብቶ ሊያድር ነው። መልኬ በድሮው ዘመን ደንብ ነጭ ኮት ለብሶ፣ ቆብ አድርጎ፣ እዚያው ክቡ ፉርጎ ውስጥ ተሳፋሪ ሊያስተናግድ ነው። እማዬ «ልጄ በባቡር መንገድ ሊሄድ ነው» አለችና ስንቅ ጀመረች። በሶውን በማር ለወሰች፣ ዳቦ ቆሎውን ቆላች፣ ከዋይት ሴንተር ሱቅ ሐላዋ አስመጣች።

«እማዬ፣ ፖርትላንድ እኮ እዚህ ነው። ደግሞ ባቡሩ ውስጥ ምግብ አለ» አልኳት።

«መንገድ መንገድ ነው» አለችኝ። እኔ በየቀኑ በሁለት አውቶቡስ ሥራ እሄድ በነበረበት ጊዜ አንድ ፍሬ ቆሎ ቋጥራልኝ አታውቅም።

የዚያን ለት ጠዋት መኪና ውስጥ፣ ዘንቢሉን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደተቀመጠች፣ «በላሽ?» አልኳት።

«ልጄን ሳልሸኝ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም። ስንመለስ እበላለሁ።»

«መርፌውንስ?»

«እሱንማ ተወግቻለሁ።»

እማዬ ስኳር አለባት። ኢንሱሊን ተወግቶ አለመብላት ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ በሽተኞቼ ላይ አይቼዋለሁ። ተቆጣኋት። «በቃ፣ አሁን ሰጥተሽው ትመጪና እዚያው መኪና ውስጥ ትበያለሽ፣ ኦኬ? አልደራደርም» አልኳት። «እሺ አቦ» አለች። ሰውን ዝም ማሰኘት ስትፈልግ ድሬዳዋ ትመጣባታለች።

ግቢው በር ላይ ሰው እንደ ጥምቀት ፈሷል። «በይ፣ እማዬ፣ እዚህ ጋ ቁሚ። ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ» ብዬ አወረድኳት። ሁለት እጇ ዘንቢሉን ስለያዘ የእጅ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ትታው ወረደች። ከኋላዬ መኪና ጥሩንባ ይነፋብኛል፣ ነዳሁ።

ቆሞ መጠበቅ የእማዬ ነገር እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብኝ። እሷ ባደገችበት አገር ሸኚ ውጭ አይቆምም። ዕቃውን ተሸክሞ ይገባል፣ መንገደኛውን ወንበሩ ላይ ያስቀምጣል፣ አብሮ ይቀመጣል፣ ያጫውታል። ባቡሩ ሲጮህ ስሞ ይወርዳል፤ ወርዶም ከዓይኑ እስኪጠፋ አይመለስም። ባቡር ሳይጮህ ደግሞ አይሄድም።

ማቆሚያ ያገኘሁት ሩቅ ነው። እየሮጥኩ ስመለስ የባቡሩ መጨረሻ ከመጋዘኖቹ ጥግ ሲታጠፍ በጨረፍታ አየሁት። አልጮኸም። ከጮኸም ከሙዚቃው ጋር ተደባልቆ አልሰማሁትም።

እማዬ በሩ ላይ የለችም። መድረኩም ላይ የለችም። ባንዲራ የያዘ አንድ ፈቃደኛ አገኘሁና ጠየቅኩት።

«ነጭ የለበሰች እናት? ዘንቢል የያዘች? አዎ፣ ስትሳፈር አይቻታለሁ!» አለኝ ፈገግ ብሎ። «በጣም ደስ ትላለች።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። አሁን እስከ ታኮማ በነጻ ልትንፈላሰስ ነው፣ እኔ ነድቼ ላመጣት ነው እያልኩ ወደ መኪናው ተመለስኩ። ስልኳን ደወልኩ። አጠገቤ፣ ወንበሩ ላይ ካለው ቦርሳ ውስጥ ጮኸ።

ቦርሳውን ከፈትኩት። ስልኳ፣ መነጽሯ፣ ስኳሯ ሲወርድ የምትመጠው የግሉኮስ ከረሜላ። ሁሉም እኔ ጋ ነው። ያኔ ንዴቴ ጠፋ።

መልኬ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። የድሮውን ዘመን እንዳያበላሽ ብለው የአስተናጋጆቹን ስልክ ሰብስበዋል፤ ሲነግረን ስቄበት ነበር። ማኅበሩ ጋ ደወልኩ። የተቀዳ የሴት ድምፅ «ወደ ወርቃማው የባቡር ዘመን እንኳን በደህና መጡ» አለኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ ደግማ እንኳን በደህና መጡ አለችኝ። ወደ አደጋ ጊዜ ጥሪው፣ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ።

«ባቡሩ ላይ መሆኗን እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ሴት።

«እርግጠኛ ነኝ። ስትሳፈር ያያት ሰው አለ።»

«ሐኪሞች ታኮማ ጣቢያ ላይ ይጠብቋታል። የባቡሩንም ሰዎች ለማግኘት እንሞክራለን።»

አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ወጣሁ። ዝናቡ ጀምሯል። መሪውን የያዘውን እጄን ሳይ የእሷ እጅ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ምክንያቱም አጀማመሩ እንደዚያ ነው፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ግንባር ያልባል። ከዚያ ሰው ይነጫነጫል። ከዚያ የሚናገረው ይምታታበታል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ሳያውቁ የሚፈሩ ሰዎች ዕድለኞች ናቸው፤ እኔን ያስፈራኝ የማውቀው ነው። አንዷ በሽተኛዬ እንደዚህ ስትሆን ሰው ሁሉ ደክሟት ተኛች ብሎ ብርድ ልብስ ደርቦላት ነበር። ባቡሩም ውስጥ እንዲሁ ይላሉ። ምን የመሰለች ባልቴት፣ እንዴት ደስ ብሏት ተኝታለች ይላሉ።

ግን መልኬ አለ፣ አልኩ ለራሴ። መልኬ ክቡ ፉርጎ ውስጥ ነው፣ እሷም የምትሄደው ወደ እሱ ነው። ያያታል። ያውቃል። እንደገና ደግሞ፣ ተሳፋሪ በዝቶበት ሌላ ፉርጎ ውስጥ ቢሆንስ? ሽንት ቤት ገብታ ወድቃ ቢሆንስ? የፈሩት ይደርሳል ይሉ ነበር አባቴ፤ እኔ ደግሞ ያልፈራሁት የለም። ቤተ ክርስቲያን ከረገጥኩ ቆይቻለሁ፣ ግን ጮክ ብዬ «ቁልቢ ገብርኤል፣ እሷን ብቻ መልስልኝ እንጂ ጥላ አገባልሃለሁ» አልኩ። እማዬ የምትሳለውን ስለት ነው የተሳልኩት። ሌላ አላውቅም።

ታኮማ ስደርስ ባቡሩ ገና ነው። ሐኪሞቹ ቃሬዛ ይዘው መድረኩ ላይ ቆመዋል፣ ሕዝቡ ካሜራ ይዞ ከጀርባቸው። እኔ የከረሜላውን ብልቃጥ ጨብጫለሁ። ከዚያ መጣ። ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፤ ዝናቡ ውስጥ እየተንሸራተተ፣ ጎኑ ብር ሆኖ፣ ጉልላቱ ውስጥ መብራት በርቶ መጣ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔ እያንዳንዱን መስኮት እያየሁ ጎን ለጎን ሮጥኩ። እማዬ የለችም። ቀጣዩ ላይም የለችም።

መልኬ ከምግብ ፉርጎው ወረደ፣ ነጭ ኮቱን ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ፊቱ በርቶ።

«ሠርኬ! ምነው እዚህ?»

«እማዬስ?»

«እማዬ ምን?»

«ስንቁን አልሰጠችህም?»

«የምን ስንቅ? መድረኩ ላይ ቆሜ ስጠብቃችሁ ነበር እኮ። ቀራችሁ ብዬ ከፍቶኝ ነው የሄድኩት።»

እኔ እሱን አላየሁትም። በትከሻው አሻግሬ የባቡሩን መጨረሻ ነው ያየሁት። ጭራው እንደ ሳጥን ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ክብ የለም።

«ክቡ የታለ?» አልኩት።

«ብሬኩ አስቸገረ። ልንነሳ ስንል ከባቡሩ ፈቱትና ግቢው ውስጥ ወዳለው መጠገኛ ሼድ መለ…» አለና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ስንት ጊዜ ነው እማዬን «እኔ ክቡ ውስጥ ነኝ» ያላት። እሱም እኔም ያሰብነው ያንን ነው።

የባቡሩ ኃላፊ ሎሬይን ትባላለች፤ ፀጉሯ የሸበተ ጥቁር አሜሪካዊት። አባቷ በእነዚህ ባቡሮች ላይ አልጋ አንጣፊ ነበሩ፤ እሷም እንደ መልኬ የባቡር ነገር አይሆንላትም። እየሮጠች መጣች።

«ክቡን የዘጋው ማነው?» አላት መልኬ።

«እኔ ነኝ። ገብቼ አይቻለሁ፣ ማንም አልነበረም። ቆልፌ…»

«ሽንት ቤቱንስ?»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። ፊቷ አመድ መሰለ።

አሁን ፍርሃቱ ሌላ ሆነ። እስካሁን በሰው መሀል ናት እያልኩ ነበር። አሁን ግን ሁላችንም ጥለናት መጥተናል። ሼዱ ውስጥ ሰው የለም፤ ሁሉም ባቡሩ ላይ ነው። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። መስታወቱ ድርብ ነው፣ ድምፅ አያስወጣም። መልኬ ራሱ «ውስጡ ሆነህ የከተማው ጫጫታ አይሰማህም» እያለ ሲኮራበት የነበረ መስታወት ነው። እኔ ደግሞ ሐኪሞቹን ሁሉ ታኮማ ሰብስቤያለሁ። እርግጠኛ ነኝ ብዬ።

እንደገና ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። መልኬ ስልኩን ነጠቀኝና የግቢውን አድራሻ ነገራቸው፤ ሎሬይን የበሩን ኮድ እየነገረችው። በዚያ በኩል ያለው ሰው ስለ ፉርጎው ቁልፍ ጠየቀ መሰለኝ።

«ቁልፍ የለም! ስበሩት!» ብሎ ጮኸ ወንድሜ። «መስታወቱን ስበሩት፣ በሩን ስበሩት፣ ምን አገባኝ!» በዚያ ፉርጎ ላይ የጣት አሻራ ካየ ቀኑን ሙሉ የሚነጫነጭ ሰው ነው።

ሁለታችን ወደ ሲያትል ነዳን። ነጩ ኮቱ ረጥቧል፣ ቆቡን ጭኑ ላይ ይዞ ያሻሸዋል። መንገዱ ተዘግቷል፤ የቅዳሜ መኪና ቀይ መብራቱን አብርቶ እስከ ዓይን ጥግ ተኮልኩሏል። እኔ የማስበው ጨለማውን ነው። እማዬ ጨለማ ሼድ ውስጥ መስታወቱን ስትደበድብ። ከዚያ ሲደክማት። ከዚያ ቁጭ ስትል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማሰብ አልቻልኩም።

ስልኩ ጮኸ። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት።

«አግኝተናታል። በሕይወት አለች» አለ የእሳት አደጋ ሠራተኛው። መልኬ ፊቱን በቆቡ ሸፈነ። «ግን አታስጠጋንም። በላብ ተጠምቃለች፣ እየተዳከመች ነው። የምንሰጣትን ትተፋዋለች፣ እጇን ትነጥቀናለች። አንድ ዘንቢል አቅፋለች፣ ስንነካባት ትጮሃለች። የምትለው አልገባንም፤ እባካችሁ አናግሯት።»

ስልኩን ወደ እሷ አስጠጉት። ትንፋሿ መጣ፣ ከዚያ ድምፅዋ፤ ቀጭን ነው፣ ከሩቅ ክፍል የሚመጣ ይመስላል።

«አትንኩ… የልጄ ነው… የልጄ ስንቅ ነው… አትንኩ…»

መስታወት ሰብረው የገቡ፣ ኮፍያ የደፉ ግዙፍ ሰዎች ከበዋታል። ዘንቢሏን መድኃኒት ይዞ እንደሆነ ሊያዩ ሲነኩ፣ ሌቦች መስለዋታል። ያኔ ገባኝ። በሶው በማር የተለወሰ ነው። ሐላዋው ስኳር ነው። ጭኗ ላይ መዳኛዋን ይዛ፣ በረሃብ እየጠፋች፣ አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።

«እማዬ!» አለ መልኬ። «እኔ ነኝ፣ መልኬ። እኔ በልቻለሁ። እዚህ አብልተውኛል፣ ጠግቤያለሁ። እሱ ያንቺ ነው። ብዪው በሞቴ!»

ዝም።

«እማዬ፣ በሞቴ! በልቻለሁ እያልኩሽ!»

ሰውየው «ዓይኗን እየከደነች ነው፣ መርፌ አዘጋጅ» ሲል ለሌላው ሰማሁ።

እኔ አንድ ነገር ልናገር አስቤ ነበር፤ ዶክተር ዶክተር የሚሸት፣ ቁጣ ያለበት፣ ዘወትር የምላትን ዓይነት። አልወጣም። የወጣው ለቅሶ ነው፣ እንደ ሕፃን፣ አፌን ከፍቼ። መኪናውን ወደ ዳር አወጣሁና መሪው ላይ ተደፍቼ «እማዬ፣ እማዬ» እያልኩ አለቀስኩ። ከዚያ ሌላ ቃል አልነበረኝም። መልኬ ትከሻዬን ያዘኝ።

በስልኩ ውስጥ የላስቲክ ኮሽታ ተሰማ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሰውየው። «እየበላች ነው። በእጇ ከዘንቢሉ እያወጣች እየበላች ነው።»

ሆስፒታል ስንደርስ ትራስ ተደግፋ፣ ፀጉሯን አስተካክላ ተቀምጣለች። ግሉኮሱ እጇ ላይ አለ። እንዳየችን መጀመሪያ የጠየቀችው ባቡሩ ደህና ገባ ወይ ብላ ነው።

ነገሩን እሷው ነገረችን። ገብታ መልኬን ስታጣ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ በዚያው ሽንት ቤት ገባች። ስትወጣ ፉርጎው ወደኋላ ይሄዳል። ባቡር ወደፊት ሊሄድ ሲል ወደኋላ እንደሚል ከልጅነቷ ታውቃለች፣ ስለዚህ አልደነገጠችም። ከዚያ ጨለመ። መስታወቱን መታች። ማንም አልመጣም። ቁጭ አለች።

«እንዴት አልበላሽም?» አልኳት። ድምፄ እንደገና ከፍ ብሏል። «መርፌ ተወግተሽ! ጭንሽ ላይ እኮ ነበር!»

«የመንገደኛን ስንቅ ሸኚ ይበላዋል እንዴ? መንገዱ አይቀናውም» አለች፣ ቂል ልጅ እንደምታስረዳ ሆና።

«አልፈራሽም?»

«ባቡር ውስጥ ሆኜ ምን ያስፈራኛል?»

መልኬ እጇን ስሞ «ዋናው ነገር ሰማሽኝ። በልቻለሁ ስልሽ በላሽ» አላት። ሆዱ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ነው፣ ሲጮህ ለእኔ ይሰማኛል።

«አንተን ነው የምሰማው?» አለችው። «ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ ድምፅህ ይቀጥናል።»

«ታዲያ ለምን በላሽ?»

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔን እንደዚያ አተኩራ ያየችኝን ጊዜ አላስታውስም።

«ይቺን ሰማኋት» አለች። «አባቷ ሲሞት እንኳ እንባዋን ያላየሁት ልጅ ስታለቅስ ሰማሁ። ያን ጊዜ ፈራሁ።»